ምዕራፍ ሰባት፦ ከማሳየት ወደ ማሳተፍ

ቅርስን ወደ ኢንተርኔት የማውጣት ሥራ ሲወራ ዘወትር የሚቆጠረው ምስል ነው። እገሌ ሙዚየም ይህን ያህል መቶ ሺህ ሥዕል፣ እገሌ ቤተ መጻሕፍት ይህን ያህል ሺህ ብራና በነጻ ለቀቀ ይባላል፤ መግለጫ ይወጣል፤ ዜናው ይነበብና ነገሩ እዚያው ያበቃል። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 375 ሺህ የሚጠጉ ምስሎችን፣ ስሚዝሶኒያን ደግሞ በ2020 2.8 ሚሊዮን ምስሎችን ማንም እንዳሻው እንዲጠቀምባቸው ሲለቁ ዜናው የተሠራው በቁጥሩ ላይ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እርምጃው ትልቅ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ መጋዘን ከፍቶ ማሳየትና ሕዝብን ማሳተፍ ለየቅል ናቸው። አንድ ስብስብ የእውነት የሕዝብ ሆነ ሊባል የሚችለው ሰው ስላየው ብቻ አይደለም፤ ያየው ሰው የሚያውቀውን ሲናገርና የተናገረውም ተመዝኖ መዝገቡ ውስጥ ሲገባ ነው። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ይኸው ነው።

በቅድሚያ ግን መክፈቱ ራሱ ለምን እንዳስፈለገ እንመልከት። ለዚህ የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ጥሩ አስረጂ ነው። ከሙዚየሙ ዝነኛ ሥዕሎች አንዱ፣ የዮሐንስ ፌርሜር ወተት ቀጂዋ ሴት፣ ነጣ ያለ ግድግዳና ደማቅ ሰማያዊ ሽርጥ አለው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት ቅጂዎች ግን ከመጥፎ ፎቶግራፍ የተባዙ፣ መልካቸው ወደ ቢጫ የተለወጠ ነበሩ፤ የሙዚየሙ ሰዎች ሲቆጥሩ ከ10 ሺህ በላይ አገኙ። ጎብኚው ቢጫውን ከመልመዱ የተነሣ በሙዚየሙ ሱቅ የሚሸጠውን ትክክለኛ ፖስትካርድ አላምንም እስከ ማለት ደረሰ። ይህ ታሪክ ዩሮፒያና የተባለው የአውሮፓ የዲጂታል ቅርስ መድረክ በ2011 ባወጣው ጽሑፍ ከተነገረ በኋላ በየሙዚየሙ መከራከሪያ ሆኗል። ተቋሙ ምስሉን ቆልፎ የጠበቀ ሲመስለው ስሙን ለመጥፎ ቅጂ አሳልፎ ሰጥቶ ኖሯል። ራይክስሙዚየም በ2012 መጨረሻ ራይክስስቱዲዮ የተባለውን የኢንተርኔት መድረኩን ሲጀምር 125 ሺህ ሥራዎችን በጥራት አቀረበ፤ ሰው ከሥዕሉ የወደደውን ክፍል ቆርጦ እንዲያስቀምጥ፣ የራሱን ስብስብ እንዲያዘጋጅ፣ በልብስም በወረቀትም ላይ እንዲያትም ፈቀደ። ይህ መልካም ጅምር ነው። ሆኖም ወተት ቀጂዋን ሸሚዙ ላይ ያተመ ሰው ሥዕሏን ወስዷል እንጂ ለሙዚየሙ ዕውቀት አልጨመረም፤ መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው።

መንገዱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሲሠራ የታየው በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሙከራ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በጥር 2008 3,100 ያህል ፎቶግራፎችን ፍሊከር በተባለው የፎቶ መለዋወጫ መድረክ ላይ አወጣ። ከፊሎቹ በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ በመንግሥት ፎቶ አንሺዎች የተነሡ ባለቀለም ምስሎች ናቸው፤ ሌሎቹ ቤይን የተባለው የዜና ድርጅት በ1910ዎቹ አካባቢ ያነሣቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ናቸው። የቤይን ፎቶግራፎች ችግር ጽሑፋቸው ነበር። በመስታወቱ ኔጋቲቭ ጠርዝ ላይ በጥድፊያ የተጫረ አንድ የቤተሰብ ስም፣ አንዳንዴም አንድ ቀን፣ ከዚያ በላይ የለም፤ ስሙም አንዳንዴ ተሳስቶ የተጻፈ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ለማጣራት ጊዜውም እጁም አልነበራቸውም። ተመልካቹ ግን ሥራዬ ብሎ ያዘው። አንዱ የዘመኑን ጋዜጣ አገላብጦ ፎቶው የተነሣበትን ዕለት ይናገራል፤ ሌላው ከሕንፃው ቅርጽ መንገዱን ይለያል፤ ሦስተኛው በስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎችን ይለያያል።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ውጤቱን ሲያጠናቅር ፎቶግራፎቹ 10.4 ሚሊዮን ጊዜ ታይተው ነበር፤ ከ7 ሺህ በላይ አስተያየቶችና 67 ሺህ ያህል የመፈለጊያ ቃላት ተጽፈውባቸዋል። ለዜና የሚያምረው አሥር ሚሊዮኑ ነው። ለክርክራችን የሚጠቅመው ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚያንስ አኃዝ ነው፦ ከሕዝብ በመጣ መረጃ የታረሙ ወይም የዳበሩ የቤተ መጻሕፍቱ መዝገቦች ከ500 በላይ ሆነዋል። አሥር ሚሊዮኑ ዕይታ ቢረሳ ምንም አይጎድልም፤ አምስት መቶው እርማት ግን ነገ ለሚመጣው ተመራማሪ ይቀመጣል። እነዚህ እርማቶች በራሳቸው አልገቡም። ሠራተኞች አስተያየቱን እያነበቡ፣ ማስረጃውን እያጣሩ፣ መዝገቡን እያስተካከሉ፣ መረጃው ከየት እንደመጣም እየጠቀሱ አስገብተዋቸዋል። ተሳትፎ የሚባለው ነገር ምንጊዜም በሌላኛው ጫፍ የሚያዳምጥ ሰው ይፈልጋል፤ የሚያዳምጥ ሰው ከሌለ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ማስቀመጥ ጌጥ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከአውስትራሊያ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ2008 የቆዩ ጋዜጦችን በኢንተርኔት ሲያወጣ አንድ የታወቀ እንቅፋት ገጠመው። ኮምፒውተር የደበዘዘን የጋዜጣ ጽሑፍ ሲያነብ ፊደል ያሳስታል፤ ስሙ ከተሳሳተ ደግሞ ሰውየው በፍለጋ አይገኝም። ቤተ መጻሕፍቱ ያደረገው ቀላል ነገር ነበር። የጋዜጣውን ምስልና ማሽኑ ያነበበውን ጽሑፍ ጎን ለጎን አሳየ፤ አንባቢ መስመር በመስመር እንዲያርም ፈቀደ፤ የታረመውም ወዲያው ለፍለጋ እንዲውል፣ የቀድሞው ንባብም እንዳይጠፋ አደረገ። ዛሬ ትሮቭ በሚባለው በዚህ አገልግሎት ከ100 ሚሊዮን በላይ መስመሮች በበጎ ፈቃደኞች ታርመዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው። ልብ ልንለው የሚገባው የሥራው ቅርጽ ነው። ሰውየው “ስለ ቅርስ ምን ይሰማዎታል?” ተብሎ አልተጠየቀም። የአያቱን ስም ሲፈልግ የተሳሳተ መስመር አገኘ፤ አረመው፤ እርማቱ በዓይኑ ፊት ሠራ። ጥያቄው ጠባብ፣ ጥቅሙ ግልጽ፣ ውጤቱ ፈጣን ነበር።

እዚህ ላይ መደበቅ የሌለበት ሐቅ አለ። እንዲህ ባሉ ሥራዎች ሁሉ አብዛኛውን የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው። በ2010 የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፈላስፋውን የጀረሚ ቤንታም የእጅ ጽሑፎች ሕዝብ እንዲገለብጥ ሲጋብዝ ብዙ ሰው ተመዝግቦ ሞከረ፤ በጽናት የገፉበት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ይህን አይተው “ታዲያ የሕዝብ ተሳትፎ የሚባለው ስም ብቻ ነው” የሚሉ አሉ። አልስማማም። ጥቂቶቹን አስቀድሞ ማን ሊያውቃቸው ይችል ነበር? ጡረታ የወጣው መምህር፣ የቤተሰቡን ሐረግ የሚቆጥረው ሰው፣ አንድን መንደር ብቻ ጠንቅቆ የሚያውቅ የአገር ልጅ በማንኛውም የባለሙያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። በሩ ለሁሉም የሚከፈተው ሁሉም ስለሚገባ አይደለም፤ የሚገባው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ግዕዝ ብራናዎች እንምጣ፤ የክርክሩ ክብደት ለእኛ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። በ1973፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክነት ዘመን፣ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። በየገዳማቱና በየአድባራቱ የነበሩ 9 ሺህ ገደማ መጻሕፍት ተነሥተው አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከ1976 ጀምሮ እዚያ ሆነው ለአሥርት ዓመታት እያንዳንዱን መጽሐፍ እየገለጡ ምን እንደያዘ በዝርዝር መዝግበዋል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ የንባብ ክፍሉን በኢንተርኔት ስለከፈተ፣ የተመዘገበ ሰው ሁሉ ቤቱ ሆኖ ብራናውን ቅጠል በቅጠል ማገላበጥ ይችላል። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከ2016 ጀምሮ የሚሠራው “ቤተ መጻሕፍት” የተባለው ፕሮጀክት ደግሞ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች መዝገብ በአንድ ላይ እያገናኘ ነው። ሥራው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን መዝገቦቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ስሞቹም በሊቃውንት የላቲን አጻጻፍ የተቀመጡ ናቸው። መጽሐፉን በቃሉ የሚያውቅ መሪጌታ መዝገቡን ፈልጎ አያገኘውም፤ መዝገቡን የሚያገኘው የውጭ ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ መሪጌታው የሚያውቀውን አያውቅም።

ምን እንደሚጎድል በቅርብ እንየው። በአንድ ወንጌል ወይም ተአምረ ማርያም መጀመሪያና መጨረሻ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ ከመጽሐፉ ጋር የማይገናኝ ጽሑፍ ይገኛል፤ ጉልት የሰጠው ማን እንደሆነ፣ መሬቱ ከየትኛው ወንዝ እስከ የትኛው ዛፍ እንደሚደርስ፣ ምስክሮቹ እነማን እንደነበሩ፣ ዕቃ ቤቱ ስንት ካባና ስንት ጽና እንዳለው ተጽፏል። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ወርቅ ነው፤ ችግሩ የቦታው ስም በካርታ ላይ የለም፣ ወይም በሦስት አውራጃ ሦስት ቦታ በዚያው ስም ይጠራል። ወንዙ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የደብሩ አለቃ ወይም የአካባቢው ገበሬ ነው። ድጓም እንዲሁ ነው። ከፊደሉ በላይ የተሰደሩት ምልክቶች፣ ይዘቱ፣ ደረቱ፣ ርክርኩ፣ ድፋቱ፣ በፎቶግራፍ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ፎቶግራፍ ግን አይዘምርም። ያንኑ ገጽ የሚያዜም የድጓ መምህር ድምፅ ከምስሉ ጋር ቢያያዝ መዝገቡ በአንድ ጊዜ ሌላ ነገር ይሆናል። የእኛ ስብስቦች የሚያስፈልጋቸው ሕዝብ ተመልካች ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለ መረጃ ያለው ነው።

ቴክኒኩ ከዚህ በኋላ ሰበብ ሊሆን አይችልም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደል ሥርዓት ገብቷል፤ በእጅ የተጻፈ ግዕዝን የሚያነቡ ፕሮግራሞችም እየተሠሩ ናቸው። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚማሩት ሰው አስቀድሞ በትክክል ከገለበጠው መስመር ነውና ለንባብ ቤት ተማሪ የሚሆን ሥራ እዚህ ሞልቷል። ፍለጋውም ቢሆን ጥቂት አሳቢነት ይፈልጋል። አማርኛ ጸሐፊ ሥዕልን በሠራዊቱ “ሠ” ወይም በእሳቱ “ሰ”፣ ዓለምን በ“ዓ” ወይም በ“አ” ሊጽፍ ይችላል፤ ሁለቱን እንደ አንድ የማይቆጥር የፍለጋ ሳጥን ክፍት ነኝ ቢልም ግማሹን ፈላጊ ከደጅ ይመልሳል።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ። የመጀመሪያው የሊቃውንት ነው፤ “ማንም እየገባ ቢጽፍበት መዝገቡ ይበላሻል” ይላሉ። ስጋቱ ተገቢ ቢሆንም ማስረጃው አይደግፈውም። ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በእነዚያ ወራት ከተጻፈው ሁሉ አግባብ አይደለም ብሎ ያነሣው ከ25 ያነሰ ነበር። ዋናው መልስ ግን አሠራሩ ነው። የሕዝብ መረጃ የሊቁን ቃል አይሽርም፤ ከጎኑ ይቀመጣል። ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ እንደተናገረው ይጻፋል፤ ሁለት ደብሮች አንድን ቦታ የእኔ ነው ቢሉም ሁለቱም ይመዘገባሉ። የአንድምታ ትርጓሜን “አንድም” እያለ ለዘመናት ሲያስተምር ለኖረ ሕዝብ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። ደግሞስ የተዘጋው መዝገብ ከስሕተት ነጻ ነው ያለው ማነው? የቤይን ፎቶግራፎች ስሕተት ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የታየው ሰው ስላየው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የጠለቀ ነው፤ “ሁሉም ነገር ለሁሉም ዓይን የሚገባ አይደለም” የሚለው። ይህ ትክክል ነው፤ ክፍትነትን የሚሰብክ ሰው አስቀድሞ ሊቀበለው ይገባል። የብሪቲሽ ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰዱትን ጨምሮ በእጁ ያሉትን 11 ታቦታት ለእይታ አያቀርብም፤ ለጥናትም ለፎቶግራፍም አይፈቅድም። ታቦት በምስል መዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ቦታው መንበሩ ነው። ክታብም የሰው ስምና ሕመም የተጻፈበት የግል ነገር ነው። ከዚህ የሚከተለው ግን በሩን መዝጋት ሳይሆን ወሰኑን ባለቤቱ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። በሰሜን አውስትራሊያ ቴናንት ክሪክ የዋሩሙንጉ ሕዝብ ከተመራማሪዎች ጋር ባሠራው ሙኩርቱ በተባለው ሥርዓት የትኛውን ምስል ማን እንደሚያይ የሚወሰነው በማኅበረሰቡ ደንብ ነው፤ ለቤተሰብ ብቻ፣ ለሴቶች ብቻ፣ ለሁሉም የሚል ገደብ ይደረጋል። ይህ ራሱ ከተሳትፎ ሁሉ ትልቁ ነው። ምን ይከፈት የሚለውን የሚወስን ማኅበረሰብ፣ ከተከፈተ በኋላ ከሚጋበዝ ማኅበረሰብ ይልቅ ባለቤት ነው።

ሦስተኛው፣ “ምስሉን ሰጥተው ዋናውን ሊያስቀሩብን ነው” የሚለው ጥርጣሬ ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆልምስ አብሮ ነበር፤ ከተወሰዱት ብራናዎች 350 ያህሉ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ብዙዎቹን በዲጂታል አንሥቷል፣ በ2018ም ኤግዚቢሽን አሳይቷል። ጥርጣሬው መሠረት ስላለው መልሱም ቁርጥ ያለ መሆን አለበት፦ ምስል የመመለስ ምትክ አይደለም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት ይመለስልኝ ብለው በጻፉ ጊዜ የጠየቁት መጽሐፉን ነበር፤ በ1872 የተመለሰላቸውም መጽሐፉ ነው። ዲጂታሉ ቅጂ ግን ጥያቄውን ያጠናክረዋል እንጂ አያዳክመውም። ሰው ምን እንደተወሰደበት ካላየ ምን ብሎ ይጠይቃል? ከየትኛው ደብር፣ ከየትኛው ንጉሥ ስጦታ እንደሆነ የሚናገረው ጽሑፍ የሚነበበው በተከፈተው ገጽ ላይ ነው።

ከዚሁ ጋር የሌብነት ስጋት ይነሣል፤ ምስሉን አይቶ ሌባ ይመጣል ይባላል። ለዚህም ሲባል መጽሐፉ ያለበትን መንገድና መቆለፊያ ማሳየት አያስፈልግም፤ የገጾቹ መታየት ግን ከሌባው ይልቅ የሚጠቅመው ባለቤቱን ነው። በ2022 ከትግራይ ጦርነት ጋር በተያያዘ የኢትዮጵያ ብራናዎች ኢቤይ ላይ ለሽያጭ መቅረባቸው ሲዘገብ ጥያቄው “ይህ የየት ነው?” የሚል ነበር። ቅጠል በቅጠል ተነሥቶ ለሁሉም የተከፈተ መጽሐፍ ከየትኛውም ገበያ ላይ ይለያል፤ በመሳቢያ የተቆለፈ ፎቶ ግን አይመሰክርም። ክፍት ቅጂ ከአደጋም ያድናል። በጥቅምት 2023 ብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ሲመታ በዲጂታል የተነሡት ብራናዎቹ ለወራት ከኢንተርኔት ጠፍተው ነበር። ቅጂው በብዙ እጅ ያለ ስብስብ አንድ ቤት ቢዘጋም ይነበባል።

የገንዘብ ጥያቄም አለ፤ ሁለት መልክ አለው። ተቋማት “ምስል ሸጠን የምናገኘው ይቀርብናል” ይላሉ። ተመራማሪው ሳይመን ታነር በ2004 የአሜሪካ የሥነ ጥበብ ሙዚየሞችን መርምሮ ያገኘው ግን ምስል የመሸጡ አገልግሎት የራሱን ወጪ እንኳ ብዙም እንደማይሸፍን ነው። ከሕዝብ በኩል ደግሞ “ጉልበታችንን በነጻ ሊበሉት ነው” የሚል ቅሬታ ይመጣል፤ ይህኛው የበለጠ ያሳስበኛል። የአያቱን ስም የሚያርም ሰው በፈቃዱ ይሠራል፤ ዕድሜውን በቅኔና በድጓ ያሳለፈ መምህር ግን ባለሙያ ነው፣ እንደ ባለሙያም ሊከፈለውና ስሙ ሊጻፍ ይገባል። የበጎ ፈቃድ ሥራና የሙያ ሥራ ካልተለዩ ተሳትፎ በሌላ ስም የሚደረግ ብዝበዛ ይሆናል።

የቀረው “ሕዝቡ ኢንተርኔት የለውም” የሚለው ነው። ለብዙ ገጠር እውነት ነው፤ ስለዚህም ታብሌትና ታትሞ የተጠረዘ ቅጂ ይዞ ደብሩ ድረስ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። በከተማና በውጭ አገር ያለው ግን ከመጋበዙ በፊት ሥራውን ጀምሯል። በቴሌግራምና በፌስቡክ የድሮ አዲስ አበባ ፎቶ ሲወጣ ከሥሩ “ይህ የእነ እገሌ ግቢ ነው፣ ከኋላው ያለው ሲኒማ ቤቱ ነው” የሚል መልስ ይደረደራል። ይህ ፍሊከር ላይ የታየው ሥራ ነው፤ ልዩነቱ በሌላኛው ጫፍ የሚያጣራና መዝገብ ውስጥ የሚያስገባ ቤተ መዛግብት አለመኖሩ ነው። ፎቶው ምንጩ ሳይጠቀስ ይዞራል፤ መልሱ ከሳምንት በኋላ ይቀበራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ያው ጥያቄ እንደ አዲስ ይነሣል። ሕዝቡ እየተናገረ ነው፤ ሰሚ የለም።

እንግዲህ ስብስቡን ከፈትኩ የሚል ተቋም ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ምስል እንደለቀቀና ስንት ሰው እንዳየው ብቻ አይደለም። ከውጭ በመጣ ዕውቀት በዚህ ዓመት ስንት መዝገቦች ተስተካከሉ? የተናገሩት ሰዎች ስም የት ተጻፈ? መልእክታቸውን የሚያነብ ሠራተኛ ደመወዝ ተመድቦለታል? ለአማርኛና ለግዕዝ አንባቢ መግቢያው በፊደሉ ነው ወይስ በላቲን? ከእነዚህ ሁሉ ውድ የሚሆነው የሠራተኛው ደመወዝ ነው፤ በበጀት ላይ መጀመሪያ የሚሰረዘውም እርሱ ነው። ለካሜራና ለሰርቨር ገንዘብ የሚሰጥ ለጋሽ ይገኛል፤ ለሚያዳምጥ ሰው የሚሰጥ ብዙም አይገኝም። እስካሁን ያየናቸው ሥራዎች የተሳኩት ግን በካሜራው ብቻ አይደለም፤ ለሰሚው ቦታ ስለነበራቸው ነው። በጀት የሚያወጣም ሆነ እርዳታ የሚሰጥ ወገን ከምስሉ ቁጥር አስቀድሞ ይህን መስመር ሊፈልግ ይገባል።